ከጋቢ የተመዘዘ ክር

ፖሊሶች የያዙኝ ሆሳዕና መናኸሪያ፣ የዱራሜ መኪና ልሳፈር ስል ነበር። ፒካፕ ላይ ሲጭኑኝ የሱሪዬ ጉልበት ብረት ያዘውና ተተረተረ። ጥፋቴ የመምህራን ስብሰባ ላይ መናገሬ ነው፤ እስር ክፍሉ ስገባ ያስጨነቀኝ ግን ሱሪው ነበር። በማግስቱ ፍርድ ቤት እቀርባለሁ፣ እናቴም ከጊምቢቹ ትመጣለች። ያንን ቀዳዳ ካየች ልጄን ደበደቡት ብላ እዚያው ትወድቃለች።

ክፍሉ እርጥብ ሲሚንቶና ካልሲ ይሸት ነበር። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ተቀምጠዋል፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። እንዲሰፉልኝ ለመንኳቸው። መነጽራቸውን ግን ሲገቡ ፖሊሶች ከቀበቷቸው ጋር ተቀብለዋቸዋል።

“እኔ አላይም” አሉኝ። “አንተ ትሰፋለህ፣ እኔ እዳስሳለሁ።”

መርፌ ክልክል ነው። ጋሼ ተረኛውን ፖሊስ ለምነው፣ ማታ በር ሳይዘጋ እንድትመለስ ተስማምተው አንዲት መርፌ አስመጡ። ክሩን ከጋቢያቸው ጫፍ መዘዙ፤ ጋቢውን ደግሞ ሱሪዬን ሳወልቅ እኔ ለበስኩት። ስንት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው፣ ክር መርፌ ውስጥ ለማስገባት ላቤ ጠብ አለ። ጋሼ ስፌቱን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ “ይቺ ረዘመች፣ ፍታት” ይሉኛል። ስሰፋ ስፈታ ዋልኩ። ተማሪዎቼን እንዲህ ታግሼ አስተምሬ እንደማላውቅ ትዝ ብሎኝ አፈርኩ።

ስጨርስ ኮራ ብዬ ልለብስ ብል እግሬ አልገባ አለ። ለካ የፊቱን ጨርቅ ከኋላው ጋር ሰፍቼዋለሁ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ ጋሼማ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ይሄኔ ፖሊሱ መርፌውን ሊወስድ መጣ። ጋሼ ሳቃቸውን ትተው ቀስ ብለው ተነሡ።

“ልጄ፣ መምህሩ ነገ እናቱ ፊት ነው የሚቆመው። ትንሽ ቆይለት።”

ፖሊሱ በሩ ላይ ቁጢጥ አለ። ጋሼ የተሳሳተውን ስፌት አስፈትተውኝ ግራ እጄን ይዘው የሱሪው እግር ውስጥ አስገቡትና፣ መርፌው ጣቴን ከነካኝ የፊቱን ጨርቅ ብቻ እየሰፋሁ መሆኑን ነገሩኝ። ጣቴ ተበሳሳ፤ ስፌቱም ጥቁሩ ሱሪ ላይ የዶሮ ኮቴ መስሎ ቀረ።

በማግስቱ ከችሎት ስንወጣ እናቴ ጠጋ ብላ ጉልበቴን አየች።

“ማን ሰፋው?”

“እኔ።”

“ያስታውቃል” አለችና ሳቀች። አላለቀሰችም።

ከተፈታሁ ወዲህ ጋሼን አላገኘኋቸውም። ዛሬ ልጄ ልብሷ ሲቀደድ ወደ እኔ ነው የምታመጣው። ግራ እጄን ውስጥ ከትቼ እሰፋላታለሁ፤ መርፌው ጣቴን ሲነካኝ ጋሼ ይናፍቁኛል።