ያጠብኩት ቀይ አፈር

በደርግ ዘመን ጂንካ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። አዲስ አበባ ታይፕ ስማር አክስቴ ጸጉር ቤት እያገዝኩ ሰው መኳኳልም ለምጄ ስለነበር ከተማው ውስጥ ሠርግ ሲኖር ሙሽራ የማሰማምረው እኔ ነበርኩ። ይህን የሰማው አለቃችን አንድ ጠዋት ከታይፑ አስነሣኝ።

«ለአብዮት በዓሉ እንግዳ ይመጣል፣ ፎቶ አንሺም አለ» አለኝ። «ከወይጦ ሸለቆ በኩል ሰባት ልጃገረዶች ለጭፈራ መጥተዋል። ያንን የተለወሱበትን ቅቤና ቀይ አፈር አጥበሽ ፊታቸውን አስተካክዪልኝ። የተቀቡ ግን እንዳይመስሉ፤ ተፈጥሯዊ ይሁኑ።»

«ጓድ፣ ተፈጥሯዊ እንዲሆኑ ከተፈለገ ለምን ይታጠባሉ?»

«የታዘዝሽውን ሥሪ!»

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሰዓት የተጸየፍኩት እሱን አልነበረም፤ ልጆቹን ነው። ጂንካ የከተመ የደጋ ነጋዴ ልጅ ነኝ። እናቴ ገበያ ላይ እነሱ ሲያልፉ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ታደርግ ነበር፤ እኔም እንደ እሷ። ያረፉበት ትምህርት ቤት ጓሮ ስደርስ የሰነበተ ቅቤና የፍየል ቆዳ ሽታ ተቀበለኝና አቅለሸለሸኝ። ትንፋሼን ይዤ ሳፋውን ውሃ ሞላሁ፤ የመጀመሪያዋን ልጅ በልብስ ሳሙና መፈተግ ጀመርኩ። ውሃው ቀላ፣ ቅባት ተንሳፈፈበት። ሳሙናው ዓይኗ ገብቶ እንባዋ ሲወርድ እያየሁ እጄን አላነሣሁም። ዛሬም ያ እጄ ትዝ ሲለኝ ይቀፈኛል።

ከደረቀች በኋላ ፓውደር ቀባኋት። ያለኝ ለቀይ ሙሽሮች የገዛሁት ነጣ ያለ ፓውደር ነበር። ፊቷ አመድ የነሰነሱበት መሰለ። ጓደኞቿ መጀመሪያ ሳቁ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሸሹ። ከሁሉም ታላቅ የምትመስለው አማርኛ ትሞክር ነበር።

«እህቴ፣ ይሄ የሞተ ሰው ፊት ነው» አለችኝ።

እሷ ከቆዳ ከረጢቷ አንድ ጓል ቀይ አፈር አወጣች። ጫፉን በጥርሷ ነክሳ አሸዋ እንደሌለበት አየችና ድንጋይ ላይ ትፈጨው ጀመር። በነጠላዬ ጫፍ ነፋሁት። ከፓውደሩ ጋር ጥቂት በጥቂት እየቀላቀልኩ በታጠበችው ልጅ ክንድ ላይ ሞከርኩ።

«በዛ» ትለኛለች ታላቂቱ። «ትንሽ! ትንሽ!»

የልጅቱን ፊት ከፓውደሩ ጠርጌ በደረቅ ጥጥ ስስ አድርጌ፣ እያሸሁ ቀባኋት፤ ትርፉን አራገፍኩት። ቀለሙ ከቆዳዋ ጋር አንድ ሆነ። እጄን ከየት እስከ የት እንዳሳለፍኩ ለእኔም አልታይ አለኝ። የቀሩትን ስድስቱንም አጥቤ እንደዚያው አደረግኩ። ሽታውን መቼ እንደረሳሁት አላውቅም።

አለቃችን መጣ። «ይሄ ነው ተፈጥሮ ማለት!» አለ። የታላቂቱን አገጭ ይዞ ፍየል እንደሚገዛ ሰው ወደ ብርሃን አዞራት። በአውራ ጣቱ ጉንጯን አሸት አደረገና ጣቱን አሸተተ።

«አሁን አትሸትም» ብሎኝ ሳቀ።

ሳቁን፣ ጣቱን፣ ከእሱ ጋር በአንድ ወገን የቆመችውን ራሴን ጭምር ተጸየፍኩ። ልጅቱ እሱ ዞር እስኪል ጠበቀች። ከዚያ የቆዳ ልብሷን ጫፍ በምራቋ አርሳ የነካትን ቦታ ጠረገችው።

«እንደገና ልቀባሽ?» አልኳት።

«ተይው።»

በዓሉ በሚከበርበት የአውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ በጠራራ ፀሐይ አንድ ጉንጯ እንደተጠረገ ጨፈረች። ላቡ የሁሉንም ፊት ሸነታተረው። እንግዳው አጨበጨበ።

ጭፈራው ሲያልቅ ወደ ወንዙ ወርደው ፊታቸውን ሲታጠቡ ገበያ ሄጄ ቅቤ ገዛሁላቸው፤ ያጠብኩባቸውን መመለሴ ነበር። ታላቂቱ ቅቤው የተጠቀለለበትን ቅጠል ገልጣ አሸተተችውና ፊቷን አጨማደደች።

«የእናንተ ቅቤ ይሸታል» አለችኝ።

ቢሆንም ተቀበለችኝ። እዚያው ተቀምጠው አፈራቸውን ለወሱ፤ አንዷ የሌላዋን ጸጉር እየቀባች በራሳቸው ቋንቋ ሲጫወቱ ከአጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ማንም ሂጂ አላለኝም።

በዓመቱ አለቃዬ ያንኑ ሥራ ሲያዘኝ «አላጥብም» አልኩት። በወሩ ለቅጣት ሃና የምትባል ራቅ ያለች የቆላ መንደር ተመደብኩ። ስምንት ቀን መኪና ጠበቅሁ፤ ከዚያ መጠበቅ ሰልችቶኝ በእግራቸው ከሚሄዱ መምህራን ጋር ሁለት ቀን ተጓዝኩ።