የድመቷ ጠጉር

ስድስተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ በመስከረም፣ ትምህርት በተከፈተበት ዕለት ጠዋት፣ እርስዎ አክስቴ ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን ድመታችንን በመርዝ ገደልሽ ብለው በሰፈር ፊት ከሰሷት። አልገደለቻትም።

ይህን ያስታወሰኝ ጉንጬ ነው። ሰሞኑን ኪቶ ፉርዲሳ፣ በምሠራበት የዩኒቨርሲቲ ግቢ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ጓንቴ ተቀዶ ኖሮ የተባይ ማጥፊያ የነካ ጣቴን ፊቴ ላይ አሳረፍሁ። ጥቂት ቆይቶ ይነዝረኝ፣ ይለበልበኝ ጀመር። ስሜቱን ዐወቅሁት።

በቾ ቦሬ ሰፈር በነበረው ቤታችን ደጃፍ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ራሴን ጭኗ ላይ አስተኝታ ቅማሌን ትለቅምልኝ ነበር። ጣቶቿ የስፌት መኪና ዘይት ይሸቱ ነበር። «ቅማልሽም እንዳንቺ ሰነፍ ነው፤ አይሮጥም» ትለኛለች።

እርስዎ ለቀማው አሰለቸዎ። ትምህርት ሊከፈት በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የበረሮውን ፍሊት ጠጉሬ ላይ ነፍተው በፌስታል ሸፈኑት። አቃጠለኝ ብል፣ «አርፈሽ ቁጪ! በረሮ የደፋ ቅማል ያቅተዋል?» አሉኝ። ስተኛ ፌስታሉን አወለቅሁ። ድመቷም እንደ ልማዷ አንገቴ ሥር ተጠቅልላ ጠጉሬን ላሰች።

በፍሊቱ ጣሳ ውስጥ የነበረው ንጥረ ነገር በአበባ ውስጥ የሚገኝ መርዝን አስመስሎ የተሠራ ነው፤ የነፍሳትን ነርቭ ያናውጣል። የሰው ጉበት ቶሎ ይሰባብረዋል፤ የድመት ጉበት አይችልም። ከዚያው ወገን የሆነ መድኃኒት ተመጥኖ ለቅማል ይታዘዛል፤ የቤቱ ፍሊት ግን ለግድግዳ ስንጥቅ እንጂ ለልጅ ራስ አልተሠራም። ያኔ ይህን ሊያውቁ አይችሉም ነበር። በዚህ አልከስዎትም።

ጠዋት ድመቷ ለሀጯ ይዝረበረባል፣ ጆሮዋ ይርገበገባል፣ እግሮቿ ይንቀጠቀጣሉ። ከዚያ ደርቃ ቀረች። እርስዎ አነሷት፤ ጠጉሯን ወደ አፍንጫዎ አስጠግተው ጥቂት ቆዩ። አስቀመጧትና ከልብስ ሰፊዋ ጋር ወደሚያዋስነን አጥር ወጡ።

«መርዝ አብልተሽ የገደልሻት አንቺ ነሽ!»

«ማሎ፣ እባክዎ እትዬ፣ ወላሂ መርዝ ቤቴ ገብቶ አያውቅም! እኔ ቤትም አይደል እንዴ የምትበላው?»

ማንም አላመናት። ልብስ የሚያሰፋ ጠፋ። ጥቅምት ሳያልቅ የስፌት መኪናዋን ጋሪ ላይ ጭና ሰፈሩን ለቅቃ ወደ ሰኮሩ ከተማ ሄደች። ልጇ ጋሪው ላይ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ስጠራት አልዞረችም። ከዚያ ወዲህ ራሴን ጭኑ ላይ ያስተኛ ሰው የለም።

አሁን አርጅተዋል፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ ይላሉ። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ያን ጠዋት የድመቷን ጠጉር ሲያሸቱ ፍሊት ፍሊት ብሎዎት ነበር? አዎ ወይም የለም ይበሉኝ።