የበደሳው ፓኬጅ

ወደ ጀርመን ልሄድ ከጭሮ የወጣሁት አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ መኪናው ደጅ ላይ ጥሩንባ እየነፋ፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቼ። ጓደኛዬ ነስሩ ሻንጣዬን አንጠልጥሎ «ውጣ እንጂ ኦቦሌሳ፣ ሊሄድብህ ነው!» ይለኛል። «አንዲት ነገር ላስተካክል» አልኩት። ምነው እጄን በሰበረው!

እኔና ነስሩ የመድኃኒት መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርተን ነበር። ፕሮጀክቱ አንድ ነው፤ አንድ ትእዛዝ ስንሰጠው በየኮምፒውተሩ የሚጫኑ ሦስት ፓኬጆች ያወጣል፤ ለጭሮ ፋርማሲ፣ ለበደሳ ክሊኒክ፣ ለቦርደዴ መጋዘን። ሦስቱም በተከፈቱ ቁጥር «ቢስሚላህ፣ ነስሩ ነኝ» የሚል ጽሑፍ ያወጣሉ። ያለ ቢስሚላህ ሥራ አይጀመርም ብሎ፣ ሦስቱ በሚጋሩት ፋይል ውስጥ የጻፈው እሱ ነው። እኔ የዚያን ቀን ለጭሮው ብዬ ያንኑ የጋራ ፋይል ነካሁ። የጭሮውን ብቻ ሞክሬ፣ ሠራ ብዬ ሄድኩ። ነስሩ አዲሶቹን በየከተማው ጫነ።

ጀርመን በገባሁ በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ። «የበደሳው አልከፈት ብሏል። ኔትወርክ የለም፣ የድሮውን በፍላሽ ልውሰድላቸው።» ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ ግን አልነገርኩትም። የተሳፈረበት መኪና በደሳ ሳይደርስ ተገለበጠ፤ ነስሩ አልተረፈም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ እኔ ያፈሰስኩትን ነስሩ ሊለቅም ሄደ። በኋላ ከዚህ ሆኜ አስተካክዬ ላክሁት። የተሳሳተችው አንዲት መስመር ነበረች።

እዚህ ዳቦው ድንጋይ ነው፣ ሰማዩ አመድ ነው፤ ይሄ ሁሉ ይለመዳል። ነስሩ ግን አልለቀቀኝም። ፕሮግራሙን ስከፍት «ነስሩ ነኝ» ይለኛል፤ እኔም ድምፄን አውጥቼ እመልስለታለሁ። አንድ ቀን የቤት አከራዬ አንኳኳች።

«ከማን ጋር ነው የምታወራው? ውሉ ላይ ያለኸው አንተ ብቻ ነህ።»

«ከሞተ ጓደኛዬ ጋር።»

ትንሽ አሰበች። «ውሃ ይጠቀማል?»

ሳቅ አመለጠኝ፤ በሩን ዘግቼ ግን አለቀስኩ። ጭሮ ላይ ጎረቤት የሚያንኳኳው ድምፅህ ሲጠፋ ነው፤ እዚህ ሲሰማ።

ባለፈው ጁምዓ ለነስሩ እናት ለአዮ ፋጡማ ደወልኩ። ሁሉንም ልነግራቸው ቆርጬ ነበር።

«በደሳ ክሊኒክ ሄጄ ነበር» አሉኝ ቀድመው። «ኮምፒውተሩ ሲከፈት የልጄ ስም ወጣ፤ አነበቡልኝ። ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አደራ እንዳታጠፋው።»

«አላጠፋውም፣ አዮ።»

«ረቢ ይጠብቅህ። ያን ቀን ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ ነው የወጣው። ምን አስቸኮለው? ለአንተ ደውሎ ነበር አሉ፤ አልነገረህም?»

ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት።

«ሃሎ? ኢልማ ኮ፣ አለህ?»

«አለሁ» አልኳቸው። የዚያችን መስመር ነገር ግን አልነገርኳቸውም።