በሰይጣን ያላመካኘችው ሴት

ነቀምት ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲጣሉ የሚያስታርቁ ሽማግሌዎች አንድ ልማድ አላቸው። ማን በደለ፣ ማን ተበደለ ብለው ብዙ አይደክሙም። ሁለቱንም ያስነሱና «ይቅር ተባባሉ» ይላሉ። በዳይ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ተበዳይም «እኔም አጥፍቼ ይሆናል» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ይመረቃል፣ ምሳ ይበላል፣ ሽማግሌዎቹም አፋቸውን ጠርገው ይሄዳሉ። ብዙ ሰው በዚህ ልማድ ተጠቅሟል ይባላል። እኔ አልተጠቀምኩም። በእሱ ምክንያት ከጎረቤቴ ጋር ሳልታረቅ ዓመታት አለፉ፤ ሰውም እልኸኛዋ እኔ ነኝ ብሎ ፈረደ።

ነገሩ የተጀመረው እናቴ የሞተች ጊዜ ነው። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው አንገር ጉቲን የሰፈሩ ናቸው። እኔ የነቀምት ሰው አግብቼ ወደ ከተማ ወጣሁ፤ የባለቤቴ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባልም ሆንኩ። እናቴን ቀብሬ ስመለስ ጨሌዋን አንገቴ ላይ አጥልቄ ነበር። አባቴ ለሰርጓ የገዛላት ነው፤ ሌላ ያስቀረችልኝ ነገር የለም። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ይህችው ጎረቤቴ ነበረች። ለቀብሩ አብራኝ ወርዳ፣ አብራኝ አልቅሳ ነው የምትመለሰው። በቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት እኔ ሰብሳቢ፣ እሷ ምክትል ነበርን።

ጨሌውን በጣቷ ዳሰሰችና «ያምራል፣ አዴ። የማን ነው?» አለችኝ፤ «አዴ» በኦሮምኛ እትዬ እንደማለት ነው።

ነገርኳት። መንገዱ ጉድጓድ ስለሆነ እየተንገጫገጭን ነው ያወራነው፤ ግን በደንብ ሰምታለች። እንዲያውም «እንግዲህ እናትሽ አብራሽ ናት» ብላ አጽናናችኝ።

ሳምንት ሳይሞላ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ጠሩኝ። በእኛ ምእመናን ዘንድ ጨሌ የቃልቻ ቤት ዕቃ ነው፤ ክርስቲያን አያጠልቀውም። ከእናቴ መንፈስ ወርሼ መጥቻለሁ ተባለ። አብራኝ የነበረችውን ጠይቋት አልኩ፤ ተማምኜባት ነበር። ጠሯት፤ ጠየቋት።

«ጨሌውን አይቻለሁ» አለች። «ለምን እንደሆነ ግን አላውቅም።»

ከዚህ የበለጠ አልተናገረችም። አላስፈለገም።

ጨሌውን አቃጥለሽ በጉባኤ ፊት ንስሐ ግቢ አሉኝ። እምቢ አልኩ። ከጌታ እራት ታገድኩ፤ ሰብሳቢነቱም ለእሷ ሆነ። ልጄን ስድር መዘምራኑ አልመጡም። ለስንቱ ልጅ ሰርግ ዶሮ ስገነጥል የኖርኩ ሴት፣ በልጄ ሰርግ መዝሙሩ ከስልክ በስፒከር ተለቀቀ። ድሮ ገበያ ላይ ከሩቅ «አከም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ» እያሉ የሚጣሩ ሴቶች፣ እኔን ሲያዩ ሽንኩርት መምረጥ ያዙ። እነማን እንደሆኑ አውቃለሁ። ስማቸውን የማልጽፈው ረስቼው አይደለም።

አስታራቂዎቹ ደጋግመው ቤቴ መጡ።

«አንቺም ትንሽ አጥፍቻለሁ በይና እንገላገል» ይሉኛል።

«ምኑን?»

«እሱማ... ጨሌውን ባታጠልቂው ኖሮ...»

«እናቴም ባትሞት ኖሮ» አልኳቸው። ወጥተው ሄዱ።

ዘንድሮ አንድ እሁድ፣ ከአምልኮ በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች እሷን አስከትለው መጡ። ትልቁ ሽማግሌ ያገደኝ ራሱ ነው። ወንበር ሰጠኋቸው። ለእሷም አቀረብኩላት፤ አልተቀመጠችም።

ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠርጎ እንደ ልማዱ ጀመረ። «እንግዲህ ሰው ነን፤ እንሳሳታለን። ሰይጣን በመካከላችሁ ገብቶ...»

«አልገባም» አለች እሷ።

«እንዴት?»

«ሰይጣን አልገባም፣ ኦቦ። እኔው ነኝ።»

«እሺ፣ እሱን እንለፈው። አሁን ሁለታችሁም ተነሡና...»

«እሷ ትቀመጥ። የምትነሣበት ነገር የለም። የእናቷ የሰርግ ጌጥ እንደሆነ ነግራኛለች። እያወቅሁ አላውቅም አልኩ። ሰብሳቢነቱን ፈልጌ ነው።»

አንደኛው ሽማግሌ ጣሪያዬን ማየት ጀመረ፤ ጣሪያዬ የሚታይ ነገር የለውም። ትልቁ ግን በቀላሉ የሚለቅ ሰው አይደለም።

«ለቄሱ ተናዝዘሽ የለም ወይ?» አላት። «በክርስቶስ ደም ተሸፍኗል ብሎሻል። የተሸፈነውን ምን ያስቆፍርሻል?»

«በእግዚአብሔር ፊት ያለብኝን እሱ ተሸክሞልኛል፤ አምናለሁ። የእሷን ስም ያጎደፍኩት ግን እኔ ነኝ። ለሴቶቹ ሄዶ የሚናገርልኝ እሱ አይደለም። የጌታ እራት ሲመጣ እጄ አልዘረጋ ብሎኛል።»

«ይኸው ነገርሻት። አለቀ።»

«እዚህ ቤት አይደለም ያጠፋሁት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ እዚያው እናገራለሁ።»

«ጉባኤው ይታወካል!»

«እሷ ስትታገድ አልታወከም» አለችው።

ይህን መልስ ለዓመታት ይዤው የኖርኩት እኔ ነበርኩ። ከአፌ ነጠቀችኝ። ያን ቀን ውሃ እንኳ አላቀረብኩላቸውም።

በሚቀጥለው እሁድ ሄድኩና የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። የታገደ ሰው የሚቀመጥበት ነው፤ ማንም ደንብ አላወጣለትም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል። በዚያ ቤት ብዙ ንስሐ ሰምቻለሁ። ሰው ይወጣል፣ ያለቅሳል፣ «ያስቀየምኩት ካለ» ይላል፣ ሰይጣን አሳሳተኝ ይላል፤ መዘምራኑ መዝሙር ያነሣሉ፣ ጥፋቱ በእልልታ መሃል ጠፍቶ ይቀራል። ምን እንዳደረገ ሳናውቅ ይቅር ያልነው ሰው ስንት ነው!

እሷ አላለቀሰችም። በኦሮምኛ፣ ቀስ ብላ፣ ከሚኒባሱ ጀምራ ተናገረች። እኔ ምን እንደነገርኳት፣ እሷ ሽማግሌዎቹ ፊት ምን እንዳለች፣ ለምን እንዳለችና ምን እንዳገኘችበት አንድ በአንድ አወጣችው። የልጄን ሰርግ ሳይቀር አነሣችው። አንዷ ሴት አላስችል ብሏት እልል ማለት ስትጀምር እጇን ወደ እሷ ዘርግታ «ሜ፣ ቆዪ፣ አልጨረስኩም» አለቻት። ሴትዮዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ከዚያ ሰብሳቢነቱን እንደለቀቀች ተናገረች፤ እንደ እኔ ከጌታ እራት እንድትታገድም ጠየቀች። ቄሱ ከመቀመጫው ተነሥቶ ይህ አያስፈልግም፣ የክርስቶስ መሥዋዕት በቂ ነው አለ።

«በቂ ነው» አለች። «በእሱ ላይ ልጨምር አይደለም። እሷን የት እንዳስቀመጥኳት ልወቅ ብዬ ነው።»

ብላ መተላለፊያውን ይዛ መጣችና መጨረሻው አግዳሚ ላይ፣ አጠገቤ ተቀመጠች።

ይህችን ሴት የማመሰግንበት ምክንያት የለኝም። ወስዳብኝ የማትመልሰው ብዙ ነገር አለ። ነገር ግን ክርስቶስ ኃጢአታችንን ተሸከመ ሲባል ዕድሜዬን በሙሉ ሰምቻለሁ፤ ብዙ ሰውም ያለ የሌለውን እሱ ላይ ጥሎ እጁን እያወዛወዘ ሲሄድ አይቻለሁ። የእሱን ለእሱ ትቶ የራሱን አንሥቶ የተሸከመ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ያገዱኝ ሽማግሌዎች እዚያው ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። ከእነሱ አንድም የተነሣ የለም። እሷን ከእነሱ ጋር አስተያይቼ ካየኋት ቁመቷ ይረዝምብኛል።

የእኔ እገዳ ተነሣ፤ እሷም እንደጠየቀችው ታገደች። የጌታ እራት ዕለት ወደ ፊት ወጥቼ «ተመልሻለሁ» እንድል ፈለጉ። የትም አልሄድኩም አልኩና ቦታዬ ላይ ቀረሁ። የቁርባኑ ትሪ በየአግዳሚው እየተቀባበለ ወደ ኋላ መጣ። ቁራሹን ወሰድኩና ትሪውን ለእሷ ሰጠኋት። ሳትነካ ለሚቀጥለው አሳለፈችው፤ እጆቿንም ጭኗ ላይ መለሰች። ይህን ለማየት ስንት ዘመን ተመኝቻለሁ። ደስ አለኝም፤ አልዋሽም። ግን ቁራሹን ሳልውጠው ደስታው ጠፋብኝ።

ሲበተን ትልቁን ሽማግሌ በር ላይ ያዝኩት።

«ይበቃታል» አልኩት።

«ኧረ አዴ! ገና አሁን ጀመረች። ሥርዓት አለው እኮ።»

«የእኔን ጊዜ በየትኛው ሥርዓት ነበር የቆረጣችሁት?»

መጽሐፍ ቅዱሱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሊያልፈኝ ሞከረ።

«የተበደልኩት እኔ ነኝ። በቃት ካልኩ በቃት።»

እሷ ቅጥሩ ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር ለብቻዋ ቆማለች። ሄድኩና የምነግራትን በቋንቋዋ ነገርኳት። ምን እንዳልኳት ቄሱ ጠይቆኛል፣ ልጄም ጠይቃኛለች፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ እዚህም አልጽፈውም። ሽማግሌ አልነበረም፣ ምርቃትም አልነበረም። በተከታዩ የጌታ እራት ትሪውን ሳቀብላት ግን ቁራሹን አነሣች።