ሱሀይላ የከፈተችው በር

ሱሀይላን መካነ ሰላም ውስጥ የማያውቃት የለም፤ «ጥንቸል ጠባቂዋ» ይሏታል። መቼም ሰው ስም ለማውጣት ማን ብሎት! እሷ ግን ቅር አይላትም። ከሪያድ ተመልሳ ሁለት ዓመት ሥራ ፈታ ከተቀመጠች በኋላ፣ ከተማው ዳር ያለው ምርምር ጣቢያ ስድስት ጥንቸሎች እንድትጠብቅ ሲቀጥራት «አልሐምዱሊላህ፣ ጥንቸል አይሳደብም» ነበር ያለችው።

የጣቢያው ተመራማሪ መምህር ምንይችል ከአገር ቅጠል የዓይን ጠብታ ሊሠራ ያስባል። ከዚያ በፊት ግን የዓይን መለኪያ መሣሪያው የሚታመን መሆኑን ማረጋገጥ ነበረበት። ጥንቸሎቹን ጨለማ ክፍል ያሳድርና ጠዋት ሁለት ሁለቱን እያወጣ፣ ቀጭን ሽቦ ዓይናቸው ላይ አድርጎ ብርሃን ብልጭ ያደርግባቸዋል። ዓይናቸው የሰጠውን መልስ ኮምፒዩተሩ በመስመር ይሥላል። ይህንኑ በየሳምንቱ ይደግማል።

«አንድን ጤፍ ሦስቴ ብትመዝኚው ሦስቴም ያው መሆን አለበት» አላት። «ካልሆነ ወይ ሚዛኑ ዋሽቷል፣ ወይ ጤፉ ተነካክቷል። ስለዚህ እኔ እስክመጣ በሩ እንዳይከፈት። ጭላንጭል እንኳ እንዳይገባ።»

«እሺ መምህር» አለች። እሺ ማለትማ ምን ይከብዳል!

ሪያድ ሳለች አሠሪዋ ዕቃ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ቆልፋባት ነበር፤ መብራት የለ፣ መስኮት የለ። ይህን ለእናቷም አልነገረች። የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሂን ሰግዳ ሥራ ስትገባ ጥንቸሎቹ ጨለማው ውስጥ ሲቧጥጡ ከሰማች ታዲያ ሆዷ አልችል ይላል። «አብሽሩ፣ መጣሁ» ትልና በሩን ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች። ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ መምህሩ ሳይመጣ መልሳ ትዘጋዋለች። ሁልጊዜም አይደለም፤ ሆዷ የጨከነ ቀን ትተወዋለች።

ታዲያ ምን ክፋት አለው ትላላችሁ? አለው እንጂ! ብርሃን ያየ ዓይን በጨለማ እንዳደረ ዓይን አይመልስም። በመጀመሪያው ሳምንት ከፍ ያለው መስመር በሁለተኛው ወረደ፤ በሦስተኛው የአንዳንዶቹ ወጣ፣ የአንዳንዶቹ ጭራሽ ተኛ።

«ሱሀይላ፣ በሩ ተከፍቶ ነበር እንዴ?»

«ኧረ አልተከፈተም!» አፏ ቀደማት። ሥራዬን አጣሁ ብላ ነው እንጂ ክፉ ሆና አይደለም።

መምህሩ አመናት። እሷን ካመነ የሚጠረጠረው የጥንቸሎቹ ዓይን ሆነ። የባሰባቸውን ሁለቱን ገድሎ ዓይናቸውን በማይክሮስኮፕ መረመረ። ከሰዓት በኋላ ግራ ተጋብቶ ወጣ።

«ጤነኛ ናቸው፤ ምንም የላቸውም» አለ። «የቀሩትንም አራቱን ሳላይ አይሆንም።»

ሱሀይላ መንገዱን ዘጋችበት። «መምህር፣ ይግደሉኝ! እኔ ነኝ። በሩን እከፍተው ነበር። ጨለማ ውስጥ መቆለፋቸው አላስችል ብሎኝ ነው።»

አልጮኸባትም። ምነው በጮኸባት! መዝገቡን ገለጠ።

«የትኞቹን ቀኖች ነው የከፈትሽው? ቀኖቹን ከነገርሽኝ የተበላሸውን ለይቼ እጥላለሁ፣ አራቱም ይተርፋሉ። ካልሆነ ግን አንዱም ልኬት አይታመንም። በጣቢያው ደንብ ደግሞ ልኬቱ እንዲህ የተበላሸ እንስሳ ለሌላ ሥራ አይቆይም፤ ይገደላል።»

ማክሰኞ ነበር? ዝናብ የጣለ ዕለት? ኧረ የቱን ታስታውስ! «ዝም ብለሽ ሦስት አራት ቀን ጥሪ፣ አራት ነፍስ ነው» አላት ልቧ። ግን በዚያ ውሸት ተለክቶ የወጣ ጠብታ ነገ እዚህ ጎረቤት ያለ የወግዲ ገበሬ ዓይን ውስጥ ሊገባ ነው። አንዴ ዋሽታ የሁለቱን ነፍስ አጥፍታለች። አንገቷን ደፋች።

«ወላሂ፣ አላስታውስም» አለች።

መምህሩ መዝገቡን ዘጋው። «በይ እንግዲህ፣ አንድ በአንድ አምጪልኝ» አላት። «አንቺ ከያዝሻቸው አይራገጡም።»

እውነቱን ነበር። አራቱንም ያዘችለት፤ አንዳቸውም አልተራገጡም።