ያለ እጅ የተሠራው ፈተና

ኮምቦልቻ፣ ማሽን መገጣጠሚያ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ ይማም የእህል ወፍጮ መመሪያ ሰጡኝና አንብቢው አሉኝ። «ቀበቶውን አጥብቅ» ይልና ከሥሩ «ከማጥበቅህ በፊት ማሽኑን አጥፋ» ይላል። ቅደም ተከተሉን አምኖ የሠራ ሰው ጣቱን እንደሚያጣ ነገሩኝ። ሥራሽ ይህን ማቃናት ነው አሉኝ።

ዓመታት አልፈው የመመሪያ ዝግጅት ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ጸሐፊ ስንቀጥር ፈተናውን የማወጣው እኔ ነኝ። ማመልከቻው ላይ ሁሉም ሰው ኮምፒውተር «በጣም ጥሩ» ይችላል። ስለዚህ የተመሰቃቀለ መመሪያ እሰጥና አስተካክሉ እላለሁ፤ ርዕሶቹን በየደረጃቸው ማበጀት፣ ማውጫው በራሱ እንዲወጣ ማድረግ፣ የሥራውን ቅደም ተከተል ማቃናት። ርዕሱን በስፔስ እየገፋ መሐል የሚያደርስ አመልካች ብዙ አይቻለሁ።

አንድ ጊዜ ጀማል የሚባል ወጣት ከደሴ መጣ። የዚያን ዕለት መብራት ስለጠፋ በራሱ ላፕቶፕና በስልኩ ኢንተርኔት እንዲፈተን ፈቀድንለት። ያንኑ የተመሰቃቀለ የወፍጮ መመሪያ በፍላሽ ሰጥቼው ከኋላው ተቀመጥኩ።

ሥራው ያስደንቅ ነበር። ማውጫው ወጣ፤ ማስጠንቀቂያውም ከቀበቶው በላይ ሄዶ በደማቅ ተጻፈ። አቶ ይማም ብቅ ብለው አዩና፣ በቃ ሰው አገኘን ብለውኝ ሄዱ።

ጀማል ላቡን ሊጠርግ መሐረብ አወጣ። ሁለቱም እጆቹ ፊቱ ላይ ናቸው። ስክሪኑ ላይ ግን ጽሑፉ ፊደል በፊደል ይቀጥላል።

ክው ብዬ ቀረሁ። መጀመሪያ የተጠራጠርኩት ዓይኔን ነው። ከዚያ ማን እንደሚጽፍ ጠየቅሁት።

«እህቴ ናት» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ ቤት ሆና።»

ኮምፒውተሩን ከሩቅ የሚያሠራ ፕሮግራም ጭኖ ኖሯል። ስልክ ቁጥሯን ተቀብዬ ደወልኩ። ዘይነባ ትባላለች። ወንድሟ ሥራ ይዣለሁ፣ ቢሮ የሰጡኝን አግዢኝ ብሏት ነበር።

«ወላሂ፣ ፈተና መሆኑን አላወቅሁም» አለችኝ።

ይህን ያህል እየቻለች ለምን እንዳላመለከተች ጠየቅኋት።

«ማስታወቂያውን ደሴ ፒያሳ ያየው እሱ ነው። ወንድ ብቻ ነው የሚፈልጉት አለኝ።»

ማስታወቂያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንዲህ የሚል ቃል የለበትም። ወደ ጀማል ዞርኩ። ላፕቶፑን አጥፎ ወጣ።

አቶ ይማም ሲሰሙ እጅግ ተቆጡ፤ የሁለቱንም ስም መስማት አልፈልግም አሉ።

«ጋሽ ይማም፣ ሥራዋንማ አይተናል» አልኳቸው። «ያላየነው ፊቷን ነው።»

እንግዲያው እዚሁ ፊታችን ትፈተን አሉ።

በሳምንቱ ዘይነባ በሚኒባስ ወረደች። ሌላ መመሪያ፣ የውኃ ፓምፕ፣ በእኛ ኮምፒውተር ሰጠኋት። አጠገቧ ቆሜ እጇን እያየሁ ጨረሰች። ተቀጠረች፤ ዛሬም ጎን ለጎን እንሠራለን። ወንድሟ ግን ሥራዬን ቀማሽኝ ብሎ እስካሁን አያናግራትም።

አመልካች ስትፈትኑ ስክሪኑን ብቻ አትዩ። እጁንም እዩ።