ከድስት ሥር የወጣው ዲስክ

በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ሰሞን ነው፤ የቡራዩ መንገድ አንድ ቀን ተከፍቶ ሁለት ቀን ይዘጋ በነበረበት ጊዜ። ሌላው ሰው ያንን ዘመን በብዙ ነገር ያስታውሰዋል። እኔ ግን ከሁሉም በፊት ትዝ የሚለኝ የእናቴ ድስት ማስቀመጫ ነው። አትሳቁ፣ እሱ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የት እንደምሆን እኔ ነኝ የማውቀው።

ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የተራራ ብስክሌት እወዳደራለሁ። አንድ ክለብ በሴቶች አንድ ክፍት ቦታ ነበረውና ሱሉልታ ላይ በሚደረግ ማጣሪያ አንደኛ የምትወጣውን እወስዳለሁ አለ። ደመወዝ አለው፣ ማልያ አለው። ሁለተኛ ለምትወጣ ምንም የለም። እኔ ካላለፍኩ ብስክሌቴን ሸጬ፣ አጎቴ ሥራ ወዳገኘልኝ ሆለታ አበባ እርሻ ልሄድ ተነጋግረን ጨርሰናል። አበባ መልቀም ነውር የለውም፤ ልቤ ግን ጎማ ላይ ነበር።

የምፎካከረው ከራሄል ጋር ነው። ራሄል የሰበታ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ዳገት የማይደክማት። እኔ ደግሞ ፈርጠም ያልኩ ነኝ። ዳገት ላይ ሁልጊዜ ጥላኝ ትሄዳለች። እናም ብስክሌቴን ማቅለል አለብኝ ብዬ ተነሳሁ።

የዚያን ሰሞን የብስክሌተኛው ሁሉ ወሬ ግራም ነበር። ብስክሌታችንን ሥጋ ቤት ወስደን የሥጋ ሚዛኑ መንጠቆ ላይ እንሰቅላለን። ባለ ሥጋ ቤቱ «ይሄማ አጥንት ብቻ ነው፣ ለሾርባም አይሆን» እያለ ይስቅብናል። ከዚያ አንዱ አዲስ ዘዴ አመጣ። የፍሬን ዲስኩን፣ ማለትም ጎማው መሐል ያለውን ፍሬን ስንይዝ ሸራው የሚነክሰውን ክብ ብረት፣ በትንሽ ዲስክ መቀየር። ያ አልበቃ ብሎ ትንሹንም በርና መስኮት ከሚሠራ ብየዳ ቤት ወስዶ ማስበሳት። በያጁ ምን ገዶት! በድሪሉ ወንፊት አድርጎ ይመልስልሃል።

ራሄል አስበሳች። እኔስ ከማን አንሼ? ብሩ ስላልበቃኝ የፊቱን ብቻ አስቀየርኩና አስበሳሁ። ትልቁን ዲስክ ቤት ወረወርኩት። እናቴ አንስታ አገላብጣ አየችውና «እሰይ፣ ይሄስ ለሥራ ነው» ብላ ድስት ማስቀመጫ አደረገችው።

ውድድሩ በመንገድ መዘጋት ምክንያት ሁለቴ ተራዘመ። ለሦስተኛው ቀጠሮ አራት ቀን ሲቀረው የውድድሩን መንገድ ልየው ብዬ ወጣሁ። ታክሲ ስላልነበረ ከቡራዩ ሱሉልታ ድረስ በብስክሌቴ ነው የሄድኩት። ዳገቱን ያለ ወትሮዬ ሳልደክም ወጣሁት። ጫፍ ላይ ሆኜ «ራሄል፣ አለቀልሽ!» ብዬ ጮህኩ። የሰማኝ ላም ብቻ ነው።

ቁልቁለቱ ረጅም የጠጠር መንገድ ነው። ወደ ታች ስቃረብ ኩርባው ላይ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል። መኪና እንዳያልፍ ተቃውሞ የወጡት ልጆች የደረደሩት ነው። በግራ በኩል ለእግረኛ የተተወች ክፍተት አለች፤ በእሷ ከለቅሶ የሚመለሱ እናቶች ተራ በተራ ያልፋሉ። ፍሬን ያዝኩ። ብስክሌቱ አልሰማኝም። ባለ በሌለ ኃይሌ ስጨብጥ ጧ! አለ። የተበሳሳው ዲስክ ተሰነጠቀ። የኋላው ፍሬን ብቻውን አልቻለም።

«ኧረ ዞር በሉ! ኧረ በማርያም!» ብዬ ጮህኩ። እናቶቹ ተበታተኑ። መሪውን ወደ ቀኝ ጠምዝዤ አንድ ግቢ በር ላይ ከነበረ የጭድ ክምር ውስጥ ገባሁ። ጭድ ባይሆንና ግንብ ቢሆን ኖሮ ይህን የምጽፍላችሁ እኔ አልሆንም ነበር።

ጎትተው ያወጡኝ የግቢው ባለቤት ኦቦ ገመቹ ናቸው። በጎጃም መንገድ ሠላሳ ዓመት ተሳቢ የነዱ ሽማግሌ ናቸው። መጀመሪያ እጅና እግሬን አገላብጠው አዩ። ቀጥሎ ብስክሌቱን አዩ። ከዚያ ተቆጡ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄን ማን በሳው?»

«በርና መስኮት የሚሠራ ሰውዬ።»

«ታዲያ ይሄ በር ነው? መስኮት ነው?»

ድንጋጤው ያልለቀቃቸው እናቶች ሳይቀሩ ሳቁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«አባባ፣ እንዲቀለኝ ብዬ ነው። ለውድድር ነው» አልኳቸው።

«ስሚኝ። የዓባይን በረሃ ስንቴ እንደወረድኩ አንድዬ ያውቃል። ፈጣን ሹፌር ነዳጅ የሚረግጥ መሰለሽ? ፍሬኑን የማያምን ከላይ ጀምሮ እየያዘ ይወርዳል፣ ፍሬኑን ያግለዋል፣ ዋናው ቦታ ሲደርስ የሚይዘው የለም። ፍሬኑን የሚያምን ግን ይለቀዋል። ኩርባው ጋ ሲደርስ አንዴ ይይዛል። አለቀ! የዱሮው ብረት የታለ?»

«ድስት ሥር ነው» አልኩ። ጭንቅላቴን የመታኝ መስሏቸው ደግመው አዩኝ። ነገሩን ስነግራቸው ግን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ስንለያይም «ቅባት ነክቶታል። በናፍጣ እንዳታጥቢው! ናፍጣም ራሱ ቅባት ነው። በአረቄ እጠቢው» አሉኝ። ደግነቱ ነገሩኝ፤ እኛ ሰፈር ከሰንሰለት እስከ ሞተር የማይታጠበው በናፍጣ አይደል? እኔም ያንኑ ላደርግ ነበር።

ቤት ስደርስ ድስቱን አንስቼ ዲስኩን ወሰድኩ። «ኧረ ድስቴን የት ላድርገው?» አለች እናቴ። ጎረቤት ሄጄ አረቄ ገዛሁ፤ ሻጯ ከላይ እስከ ታች ገረመመችኝ። ዲስኩን በሳሙና፣ ከዚያ በአረቄ ደጋግሜ አጠብኩት። እናቴ እያየችኝ «ለሰውም ያልጠቀመ መጠጥ ለብረት!» ብላ አማተበች። አዲስ ሸራ አስገብቼ አሰርኩት።

በውድድሩ ቀን መንገድ ተከፈተ። ኩርባው ላይ ግን ድንጋዩ ገና አልተነሳም ነበርና ክፍተቷን አስፍተው፣ በዳርና ዳሩ ጭድ ከምረው፣ በእሷ እንድናልፍ ነገሩን። የክለቡ አሰልጣኝ የሁላችንንም ብስክሌት በእጁ እያነሳ ይመዝናል። የእኔን ሲያነሳ «ይሄ ወፍጮ ነው ብስክሌት?» አለ። ሁሉም ሳቀ። ራሄልም ሳቀች።

ሦስት ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር ራሄል ዳገቱ ላይ ጣለችኝ፤ ቁልቁለቱ ላይ ደረስኩባት። በሁለተኛውም እንዲሁ። ከኋላዋ ሆኜ አየኋት፤ ከጫፍ ጀምራ ፍሬን ይዛ ነው የምትወርደው። ያ የተበሳ ዲስክ ይጮሃል። የሽማግሌው ነገር ቁልጭ ብሎ ገባኝ።

በመጨረሻው ዙር ዳገቱን ስጨርስ ራሄል በጣም ርቃለች። አበባ እርሻው ታየኝ። አሁን ነው እንጂ መቼ ነው ብዬ ለቀቅኩት። ጠጠሩ ከጎማዬ ሥር እየተፈናጠረ ነው፣ ዓይኔ ያነባል፣ ጣቴ ፍሬኑ ላይ ነው፣ ግን አልጫንኩትም። ከኩርባው በላይ ራሄልን አለፍኳት። ድንጋዩ ፊት ለፊቴ መጣ። ፍርሃት ያዘኝና ልጨብጥ ስል አንድ የማውቀው ድምፅ ሰማሁ። ኦቦ ገመቹ በራቸው ላይ ቆመው ከዘራቸውን እያወዛወዙ ይጮሃሉ።

«ገና! ገና ነው! ገና!... አሁን!»

ጨበጥኩ። ዲስኩ ነከሰ! ብስክሌቱ ቀንዱን እንደተያዘ በሬ ቀጥ አለልኝ። ክፍተቷን አለፍኩ። ከኋላዬ ሿ የሚል ድምፅ ሰምቼ ዞር ስል ራሄል ጭዱ ውስጥ ገብታለች፤ ቆማ ጭዱን ከፀጉሯ እያራገፈች በያጁን ትረግማለች። ደህና ናት። ከዚያ በኋላ ያለው ሜዳ የእኔ ነበር። እየጮህኩ፣ እያለቀስኩ፣ እየሳቅኩ ብቻዬን ገባሁ!

አሰልጣኙ መጣና ብስክሌቴን እንደገና አነሳው። ቀስ አድርጎ መለሰው። «ማልያ ስንት ቁጥር ነው የምትለብሺው?» አለኝ።

ለክለቡ አምስት ዓመት ተወዳደርኩ። ያ ዲስክ እስኪሳሳ አገለገለኝና ጡረታ ሲወጣ ለእናቴ መለስኩላት። አሁን ቡራዩ ብስክሌት እጠግናለሁ። ያን ቀን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ደረቴ ይነፋል፣ አልዋሽም። አንዳንዴ ወጣት ተወዳዳሪዎች ዲስክ ይዘው መጥተው «እንዲቀለን ብሺልን» ይሉኛል። አልቆጣቸውም። ቤት ወስጄ ሽሮ አበላቸዋለሁ፤ ሲጠግቡ ድስቱን አነሳና ከሥሩ ያለውን አሳያቸዋለሁ።